የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ

እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ነበረች። ቤት ውስጥ "ኑ ብሉ" ስትለን እንኳ ተሳፋሪ የምትጠራ ይመስለን ነበር። ዛሬ መናኸሪያው የሚያሰማው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ደረቅ። የእሷ ድምፅ ይናፍቀኛል።

አባቴ ሾፌር ነበር፤ ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል፣ ጎማ ሲፈትሽ ያፏጫል። ፍሬን እምቢ ብሎት አንድ ተሳፋሪ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ግን መሪ አልጨበጠም፤ ፉጨቱም ቀረ። ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ መናኸሪያው ይመጣና ከማስታወቂያ ክፍሏ መስኮት ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ይውላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። እጄን ይይዛል፤ በቃ።

በዚያው ሰሞን በመናኸሪያው ክፍል አራት ውስጥ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ ጀመረች። እናቴ የተሰጣትን ወረቀት ሳምንቱን ሙሉ በማይክሮፎኑ አነበበች፦ "የአእምሮ መታወክ ያለባችሁ በአስቸኳይ ታከሙ፤ ካልታከማችሁ ይብስባችኋል።" ማን ይሂድ? በሩ ለመናኸሪያው ሁሉ ፊት ለፊት ነው። ሰዉ ጭራሽ በዚያ ማለፉን ትቶ ዞሮ ይሄድ ጀመር።

"አንተ እንኳ ብትሄድ" አለችው እናቴ እራት ላይ።

"አበደ ልታስብዪኝ ነው?" አለና ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ማይክሮፎኑን ሳበች። የጠፋ ዕቃ ስታስነግር በምታወጣው ለስላሳ ድምፅ፣

"እንቅልፍ የጠፋበት፣ ሳቅ የጠፋበት፣ ሲላጭ ማፏጨት የጠፋበት መንገደኛ ክፍል አራት ይጠይቅ። ንብረቱ ባለቤቱን እየጠበቀ ነው" አለች።

ሰው ሳቀ። አንዱ ሻንጣ ተሸካሚ "የእኔን እንቅልፍ የወሰደችው ሚስቴ ናት" ብሎ አሣቀ፤ ከሰዓት ግን እሱ ራሱ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። አባቴ ሦስት ቀን አልተነቃነቀም። በአራተኛው ቀን አጠገቡ እንደተቀመጥኩ እጄን ለቀቀና ተነሣ። ተከተልኩት።

"ማፏጨት ነው የጠፋብኝ" አላት ባለሙያዋን።

እዚያ መናኸሪያ ምልክቱን ሳይናገሩ የጠፋ ዕቃ መረከብ አይቻልም ነበር። እሷም ይህን ሳትሰማ አልቀረችም።

"ምልክቱን ይንገሩኝ" አለችና ወንበር ሳበችለት።

በሩ ተዘጋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ውጭ ጠበቅኩት።

ወራት ፈጀ። አንድ ቅዳሜ እናቴ "የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች" ብላ ድምጿ ቀጥ አለ። አባቴ ከመስኮቷ ሥር ጎንበስ ብሎ የሰው አውቶቡስ ጎማ እያየ ያፏጫል፤ ዜማውን ክፉኛ አበላሽቶታል። ማይክሮፎኑን ሳትዘጋ አለቀሰች፤ መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ያን ቀን ዘግይቶ ወጣ፤ የተቆጣ ተሳፋሪ ግን አላየሁም።