የዘርፈሽ ተቀባይ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። በቁልቢው እምላለሁ። እሱ አልበቃኝም የሚል ካለም ዋላሂ እላለሁ፤ ድሬዳዋ ላይ ሁለቱም ይሠራል።

ይርገዱና ታላቅ እህቷ ዘርፈሽ የከዚራ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ የባቡር ሠራተኛው የአቶ ኃይለጊዮርጊስ ልጆች። በየሠርጉ ይዘፍናሉ፤ ከዚራም መጋላም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። የሶማሊኛውንማ ትርጉሙን ሳያውቁት ሰው ያስለቅሱበት ነበር። የዘርፈሽን ድምፅ ላልሰማችሁ ልንገራችሁ፦ አንድ ቀን ለገሃር በር ላይ ስታንጎራጉር የጅቡቲው ባቡር ነጂ ፊሽካውን መንፋት አፍሮ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ሊቆጣው የመጣው ፈረንጅ አለቃም አብሮት ቆሞ ቀረ።

አውጪዋ ዘርፈሽ ናት፤ ይርገዱ ከበሮ ትመታለች፣ ትቀበላለች። አባታቸው ከልጅነታቸው ያስያዛቸው ሕግ ነበር፦ ተቀባይ አውጪን አይቀድምም። አውጪዋ ግጥሟን ሳትጨርስ አፉን የከፈተ በቁሟ እንደቀበራት ይቆጠራል። ስለዚህ ይርገዱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስትዘፍን አንድም ዘፈን ጀምራ አታውቅም። የእህቷን ግጥም በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ መያዝና ማውጣት ግን ለየቅል ነው።

በ1951 ዓ.ም. ዘርፈሽ መሳል ጀመረች።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?" አለቻት ይርገዱ።

"ዝፈኚ አለኝ።"

"ዋሽተሻል።"

"አንቺ ተቀበዪ እንጂ አትመርምሪኝ።"

ነሐሴ ላይ የመጋላዋ ሽንኩርት ነጋዴ ቱሪያ ልጇን ፋዱማን ዳረች። ይርገዱ ከበሮዋን ተሸክማ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ቀድማ ወደ መጋላ ተሻገረች። ዘርፈሽ ስትራመድ ስለሚያፍናት ዲሪር የሚባል ባለጋሪ ኋላ ሊያመጣት ነበር። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም። ደቻቱ ግን የድሬዳዋን ሰማይ አይጠይቅም፤ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ እያጓራ ደረሰ። አንድ ግመል፣ ሁለት በርና አንድ አልጋ ከነአንሶላው ይዞ አለፈ። ፖሊስ ድልድዩን ዘጋው። ዘርፈሽ ከነጋሪው ማዶ ቀረች።

"አውጪያችሁ የታለች?" አለች ቱሪያ።

"ማዶ።"

"ታዲያ አንቺ ዝፈኛ።"

"እኔ ተቀባይ ነኝ፣ እትዬ ቱሪያ።"

"አቦ፣ ሠርግ እኮ ነው፤ ቅዳሴ መሰለሽ?"

ይርገዱ ከበሮዋን አንግታ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች፤ ሠርገኛውም ተከተላት። ማዶ አንዲት ነጠላ ትነጣለች። ከበሮውን መታችው። ይኼኔ ዘርፈሽ በዚያ ሁሉ ጎርፍ ላይ አወጣች። ድምጿ ውሃውን እየረገጠ ሲሻገር ሁሉም ሰማ። ይርገዱ ተቀበለች። አንድ ዘፈን አለቀ፣ ሁለተኛውም አለቀ፤ ሙሽራዋ ራሷ ወጥታ አጨበጨበች። ሦስተኛው የሙሽራ መሸኛው ነበር፦

*የደቻቱ አሸዋ ውሃ ሲያልፍበት፣*

ሁለተኛው ስንኝ አልመጣም።

ይርገዱ ከበሮዋን እየመታች ጠበቀች። የምታውቀው ይህንኑ ነው፤ መጠበቅ። ሠርገኛው እርስ በርሱ ተያየ።

"ዓሣ ዋጣት እንዴ?" አለ የሙሽራው ሚዜ ሹክሪ። የሳቀለት የለም።

ቱሪያ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። "ጨርሺው ልጄ። ፋዱማዬ በግማሽ ዘፈን አትውጣብኝ።"

ይርገዱ ማዶ አየች። ቆማ የነበረችው ነጠላ አሁን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ብትጀምር እህቷን መቅበሯ ነው። ባትጀምር ደግሞ ዘርፈሽ በሰው ሠርግ መካከል እንዳቃታት አገሩ ሁሉ ያወራዋል። የእህቷን ውርደት ከምታይ ሕጉን መስበር መረጠች።

*የትናንቱ ዱካ ዛሬ የት አለበት።*

የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። ሠርገኛው ተቀበላት። ዘፈኑን እስከ ጫፉ አወጣችው፤ ዓይኗን ከማዶ አልነቀለችም፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘርፈሽ ትቀበላት እንደሆነ ማወቅ። ጎርፉ ግን ምንም አላሰማትም።

ውሃው ማምሻውን ሲጎድል ሰው እየከለከላት በጭቃው ሮጠች። ዘርፈሽ የጋሪው ጎማ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የነጠላዋ ጥለት በደም ርሷል። ነፍሷ ወጥታለች። ዲሪር ፈረሱን ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

"ሰምታኛለች?" አለችው ይርገዱ።

"ሰምታሻለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትቀበልሽ ነበር እኮ።"

ከዚያ ወዲያ ይርገዱ ብቻዋን ዐሥራ አምስት ዓመት ዘፈነች። ሁርሶ ጦር ሰፈር ለወታደሮቹ በአኮርዲዮን ዘፍናለች፤ ድሬዳዋም ሆቴሉ ሁሉ ይሻማባት ነበር። ያላመጡላት ተቀባይ የለም፤ ሁሉንም በምስጋና መለሰቻቸው። ከእያንዳንዱ ግጥም በኋላ ግን የተቀባይን ያህል ዝም ትላለች። አዳሜ ትንፋሽ የምትሰበስብ እየመሰለው ያጨበጭብ ነበር።

እንግዲህ የማልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ። ዲሪር ያን ዕለት አልመለሰላትም። ፈረሱን ፈረሱን እያየ ዝም ነው ያለው። ከዚያም በኋላ ጋሪውን ባየች ቁጥር እያስቆመች ስትጠይቀው ጊዜ መንገዱን ቀየረ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሚላት ሰው ስለጠፋ።