በሸረፈዲን ስም

ሸረፈዲን ሰላሁዲን በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ባሕር ዳር የገባ ሳምንት፣ ሹም አቦ ሰፈር ያለው የእናቱ ቤት የሠርግ ቤት መስሎ ሰነበተ። እናቱ ወይዘሮ ሀቢባ በግ አሳረዱ፤ ለጠየቀም ላልጠየቀም «ልጄ ኢንጂነር ሆነ፤ መንግሥት እዚሁ ፋብሪካ መደበልኝ» እያሉ ድምፃቸው እስኪሰልል አወሩ። አይፈረድባቸውም። ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው፤ ተመራቂ የት እንደሚሠራ የሚወስንለት መንግሥት ነበር። አብረውት ከጨረሱት አንዱ አሰብ፣ ሌላው ስሙን ሰምቶት የማያውቀው በረሃ ሲደርሰው፣ ሸረፈዲን ከእናቱ ቤት በእግር የሚደረስበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወጣለት።

«ደመወዙስ?» ይላል ጎረቤት፣ ሥጋውን እያላመጠ።

«የዲግሪ መነሻ አምስት መቶ ብር ነው። የኢንጂነር ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል» ይላሉ ወይዘሮ ሀቢባ፤ «ትንሽ» የምትለዋን ዋጥ አድርገው።

ሸረፈዲንን ጉድ የሠራችው ይህችው ትንሽ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምረጡ ሲባል ልቡ ሒሳብ ነበር የሚለው። ሒሳብ አራት ዓመት ነው፣ ምህንድስና አምስት። ግን ማደሪያው ውስጥ ወሬው ሁሉ «የትኛው በስንት ይጀምራል?» ሆነ፤ እንደ በሬ ገበያ እያንዳንዱ ትምህርት ዋጋ ተቆረጠለት። ክረምት ላይ አገሩ ሲመለስ እህቱን መዲናን አማከራት። መዲና በሁለት ዓመት ታንሰዋለች፤ ገበያ ዳር ያለችውን የአባታቸውን የጨርቅ ሱቅ የያዘችው እሷ ነበረች።

«መነሻው ከበለጠ ምህንድስናውን ያዝ» አለችው። «አንድ ዓመት ምን አላት? እኔ አለሁ።»

ያች አንድ ዓመት ግን ብዙ ነገር ነበራት። የወረታ ነጋዴ ልጅ መዲናን ሊያገባ ሽማግሌ የላከው በዚያችው ዓመት ነው። «ወንድሜ ሳይመረቅ ሱቁን ለማን ጥዬ?» ብላ ጠብቀኝ አለችው። አልጠበቀም። ሌላ አገባ፤ እሷም በማግስቱ ሱቁን እንደ ወትሮው ከፈተች።

የሱቁ ነገር እንዲህ ነው። አባታቸው አቶ ሰላሁዲን የሞቱት ሸረፈዲን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰ ሰሞን ነበር። የወይዘሮ ሀቢባ ዓይን ያኔውኑ ደክሟል። ለቅሶው ሳይነሣ ሽማግሎች ተቀመጡና የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ይዛወር ተባለ። የሟች ወንድም ሐጂ ሙሀመድየሱፍ ቆረጡት።

«ሴት ልጅ ነገ ባል ታገባለች። ፈቃዱንም ይዛ ሰው ቤት ትገባለች። በሸረፈዲን ስም ይሁን፤ ተምሯል፣ ሹም ፊት ቢቀርብ አፉ አይያዝም።»

ሁሉም አሚን አለ። መዲናን «ምን ትያለሽ?» ያላት የለም፤ ሻይ እያቀረበች ነበር። ስለዚህ የሸረፈዲን ፎቶግራፍ ያለበት ፈቃድ በመስተዋት ክፈፍ ገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ መዲና ከአሥረኛ ክፍል ወጣችና ከክፈፉ ሥር ተቀመጠች። እናቷን፣ ታናሽ እህቷን ሸሪፋን፣ አዲስ አበባ ያለውን ወንድሟን ከዚያች ወንበር ሆና አበላች። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ የሚመጡት የዘጌ ሰዎች «የመዲና ሱቅ» ነበር የሚሏት። ወረቀቱ ምን እንደሚል እነሱ ምን ገዷቸው!

ሸረፈዲን ፋብሪካው ሰተት ብሎ ገባ። የሠራተኛ አስተዳደሩ አቶ አዘዘ ሻይ ጋበዙት፣ መታወቂያ አሠሩለት፣ በመጨረሻ አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉለት።

«የንግድ ፈቃድ የለኝም ብለህ እዚህ ላይ ፈርም። ደመወዝተኛ መነገድ እንደማይችል ታውቃለህ መቼስ።»

ብዕሩ እጁ ላይ ቀረ። እንዴት አያውቅም? አገር ያወቀው ሕግ ነው። ግን ተማሪ ሳለ የማይነካው ሕግ ስለነበረ፣ እሱም፣ እናቱም፣ ያ ሁሉ ሽማግሌም እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ረስተውት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ልጁን ለደመወዝ ሲያስተምሩ፣ ሱቁን በዚያው ልጅ ስም አስቀምጠው!

«ፈቃድ ቢኖረኝስ?» አለ።

አቶ አዘዘ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈቃዱን እስከ ዓርብ መልሰህ ና።»

«ሥራውን ብተወውስ?»

«ምደባ እምቢ ካልህ ዲግሪህን አታገኝም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጎረምሳ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ እኔ አልነግርህም።»

መንገር አላስፈለጋቸውም። በዚያ ሰሞን ቀበሌው ጎረምሳ ከየመንገዱ እያፈሰ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይልክ ነበር።

በማግስቱ ንግድ ቢሮ ሄደ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወይዘሮ አገርነሽ ደግ ሴት ናት፤ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ለእህቴ አዛውሩልኝ።»

«በሕይወት ካለ ሰው አይዛወርም፣ ወንድሜ።»

«እሺ አዲስ ታውጣ።»

«የጨርቃ ጨርቅ አዲስ ፈቃድ ቆሟል። መዛወሩ ለወራሽ ብቻ ነው። ባለፈቃዱ ማለት አንተ ስትሞት...» አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። «ክፉ አይንካህ፤ ደንቡን መናገሬ ነው።»

ከዚያ ወጥቶ እግሩ ወደ ሐይቁ ወሰደው። ዳር ላይ ተቀመጠ። ደመወዙን በሐሳቡ ከፋፈለው፤ ለድርቁ፣ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለማኅበር፣ ለቀበሌ እየተባለ ተቆርጦ የሚተርፈው ለእሱና ለእናቱ ቢበቃ ነው። ሸሪፋስ? መዲናስ? ሒሳብ መርጦ ቢሆን አምና ጨርሶ ነበር፤ መዲናም ወረታ ልጇን ታቅፋ ነበር። ለትንሽ ብር ብሎ! ራሱን ጠላ። ወይዘሮ አገርነሽ ያመለጣት ቃል ተመልሶ መጣበት። ውሃውን አየ፤ ጥቁር ነው፣ ጥልቅ ነው። ያሰበው ነገር ራሱን አስፈራውና ተነሥቶ ወደ ገበያው ሮጠ።

መዲና አቡጀዲ ስታጥፍ ደረሰ። የሆነውን ሁሉ፣ የቢሮዋን ሴት ቃል ጭምር፣ ሳይደብቅ ነገራት። እያለቀሰ ነበር፤ አያፍርም፣ እህቱ ናት።

«ሥራውን እተወዋለሁ» አለ። «ዘጌ ጫካው ውስጥ ዘመድ አላጣም፣ አፈሳው እስኪያልፍ እደበቃለሁ። ሱቅሽን አልዘጋም።»

መዲና አቡጀዲውን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጣችና ክፈፉን ከግድግዳው አወረደች። የፎቶውን መስተዋት በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«እዚህ ፎቶ ላይ ስትስቅ ደስ ትላለህ» አለች። «አምስት ዓመት ከራሴ በላይ ነበርህ።»

«መዲና፣ ስሚኝ እንጂ...»

«ሰማሁህ። ስትሞት ነው የሚዛወርልኝ አሉህ አይደል? ወላሂ፣ በዚያ በኩል የሚመጣልኝን ሱቅ አልፈልግም። ቀበሌ ወስዶህ እማን ምን ልላት ነው? ውሰድና መልስ።»

ዓርብ ዕለት መለሰው። ሱቁ በሰም ታሸገ። ወይዘሮ ሀቢባ ያን ቀን ነው የሰሙት። የደከመ ዓይናቸውን ወደ ሐጂ ሙሀመድየሱፍ አዞሩ።

«ታዲያ መዲናዬ ምን ትሁን?» አሉ።

ጥያቄው አምስት ዓመት ዘግይቶ መጣ። ሐጂ የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር ጀመሩ።

ሸረፈዲን የመጀመሪያ ደመወዙን ፖስታውን ሳይከፍት አምጥቶ መዲና ጭን ላይ አኖረላት። እሷም ሳትከፍት ለእናቷ ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ሳቋ ጠፋ፤ ጠዋት ተነሥታ የት እንደምትቀመጥ የማታውቅ ሰው ሆነች።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ የቀን ሠራተኛ ሲመረጥ፣ ሸረፈዲን መታወቂያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሊገባ ሲል ሰልፉ መካከል መዲናን አያት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የጥጥ ተሸካሚ ይፈልጋሉ ሲሉ ሰማሁ» አለች ወደ መሬት እያየች። «አንተ ግባ፤ ሰዓት ይሞላብሃል።»

መራጩ ኮስታራ ሰው ነበር፤ ሁለቱን አፈራርቆ አየ።

«ጓድ ኢንጂነር፣ ዘመድዎ ናት?»

«እህቴ ናት» አለ ሸረፈዲን፣ ሊረዳት መስሎት።

መራጩ ሳቀ። «ኢንጂነር ወንድም እያለሽ የድሃ እንጀራ ትሻሚያለሽ? ይቺን ቦታ ለችግረኛ ልቀቂ፣ እህቴ» አላትና ከኋላዋ ያለችውን ሴት ጠራ።

መዲና አልተከራከረችም። ከሰልፉ ወጣች፤ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ ሹም አቦ መንገድ ጀመረች። የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ። ሸረፈዲን ገባ።