ለቋሚ ሰው የተከፈተ ገጽ

ሰርካለም ሦስተኛውን ሶፍትዌር ከላፕቶፗ ላይ ስትሰርዝ ፊቷ ላይ የነበረው ንቀት፣ ተማሪ ከጓደኛው የገለበጠውን ድርሰት ስታርም ከሚታይባት አይተናነስም። ንፋስ መውጫ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምራለች። ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብላ ደግሞ በአራት ዓመት ዘጠኝ ደብተር ማስታወሻ አጭቃለች፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ሰው በየትኛው ምዕራፍ እንደሚሞት። ደብተሮቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ ላይ የሞተው ሌላው ላይ ሠርግ ይበላል።

«ዊኪ ነው የሚያስፈልግሽ» ብሏት ነበር የኮምፒውተር መምህሩ አምሳሉ። «ለያንዳንዱ ሰው ገጽ ትከፍችለታለሽ፤ ስሙን ስትነኪው ወደ ዘመዱ ይወስድሻል።»

ሐሳቡ መልካም ነበር። ዕቃዎቹ ናቸው የማይረቡት። የመጀመሪያው ያለ ኢንተርኔት አልከፈትም አለ፤ ኔትወርክ ሲያሻው ብቻ ብቅ በሚልበት ከተማ እንዲህ ያለውን የሚመርጥ ጅል ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ሰርቨር ትከይ አላት፤ እሷ እንኳን ሰርቨር የቴሌቪዥን ዲሽ ተክላ አታውቅም። ሦስተኛው ደግሞ ባሰ፤ የአባት ስም ሁሉ የቤተሰብ መጠሪያ መስሎት፣ አባታቸው ደስታ የሚባሉትን በሙሉ ሰብስቦ አንድ ቤት አስገባቸው። ባልና ሚስቱን እህትና ወንድም አድርጎ አረፈው። «ይህን የሠራው ሰው ዘመድ የለውም» አለችና ሰረዘችው።

ጊዜ ባይጠባት ኖሮ ንቀቷ መዝናኛ ይሆናት ነበር። ነገር ግን የእናቷ እህት እትዬ ታደለች ለዓይናቸው ሕክምና ከስማዳ መጥተው እሷ ቤት ያረፉት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እትዬ ታደለች ሙሾ አውራጅ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ቆመው የሟቹን ሥራ፣ የአባቱን ሙያ፣ የበሬውን ስም ሳይቀር በግጥም ሲያወርዱ ኖረዋል። የልብ ወለዱ ሰዎች ሁሉ የተቀዱት እሳቸው ከሚያውቋቸው ዘመዶች ነው፤ ሙሾዎቹ ግን የትም አልተጻፉም። ዕድሜያቸው ሰማንያን እየተጠጋ ነው፤ አሁን ካልጻፈቻቸው መቼም አታገኛቸውም። ሰርካለም ይህን እያወቀች ከዐሥራ አራቱ ቀን ዘጠኙን በሶፍትዌር ማማረጥ ፈጀችው።

«ልጄ፣ ጎተራ ስታማርጪ እህሉን ዝናብ ሊመታው ነው» አሏት አክስቷ አንድ ቀን። ሰማች፤ ማማረጧን ግን አልተወችም።

በዐሥረኛው ቀን አምሳሉ አራተኛውን በፍላሽ ይዞ መጣ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አማርኛውን ያነባል፤ ዘር አያቀላቅልም። ሰርካለም የምትነቅፈው ስታጣ ቅር አላት። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይነት ሳጥኖች ሠራች፤ አባት፣ ልጆች፣ የሞተበት ቀን፣ ሙሾ። ባዶ የቀረውን ሳጥን ሶፍትዌሩ በቀይ ያሳያል። ስድሳ ሦስት ገጽ ከፍታ ስታየው ቀይ በቀይ ሆኗል። ቀዩን ልታጠፋ ከአክስቷ ፊት ተቀመጠች።

ለሦስት ሰዎች መልካም ሄደላት። እትዬ ታደለች ዓይናቸውን ጨፍነው አወረዱላት፤ እሷ ጻፈች። አራተኛው ቸሬ ነበር።

«የአጎቴ የቸሬስ?» አለች።

«ወንድሜ ቸሬ? እሱ እኮ ትናንት ደውሎ ስለ ዓይኔ ጠይቆኛል።»

«አውቃለሁ። ልብ ወለዱ ላይ ግን ይሞታል። ሳጥኑ ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ለቋሚ ሰው ሙሾ ማውረድ ሞትን መጥራት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን በአገሩ የለም። ሰርካለምም ታውቃለች። ቀዩ ነው ያስረሳት።

«የእኔም ገጽ አለ?» አሉ እትዬ ታደለች ቀስ ብለው።

«አለ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበበች። የአባት ስም። የተወለዱበት ዓመት። ልጆች፦ አምስት፤ በሕይወት ያሉ፦ ሁለት። የሞቱበት ቀን፦ ባዶ። ሙሾ፦ ባዶ።

እትዬ ታደለች ዝም አሉ። ሰርካለም ዝምታው ፈቃድ መሰላት። «እርስዎን የሚያህል አልቃሽ የለም። የራስዎን ራስዎ ቢነግሩኝ እጽፈዋለሁ» አለች።

«የሚጽፍ አላጣሁም» አሉ አክስቷ። «ያጣሁት የሚያለቅስ ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ እኔ ሸኘሁት። በእኔ ቀን ማን ይቆማል ብዬ ሳስብ አንቺ ነበርሽ የምትታሰቢኝ፤ ተምራለች፣ ቃል አላት፣ ትወደኛለች እያልሁ። ለካ አንቺም ከእኔው ልትወስጂው ኖሯል።»

በማግስቱ፣ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ በስማዳ መኪና ሄዱ። ሰርካለም እስከ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። ጉልበታቸውን ልትስም ብትጎነበስ ቀና አደረጓት፤ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ቤት ተመልሳ የአክስቷን ገጽ ከፈተች። ልትጽፍ አይደለም፤ ቀኑ ሲመጣ ቆማ ምን እንደምትል ለማወቅ በልቧ አንድ ስንኝ ፈለገች። ሦስት ሶፍትዌር የናቀችው ሴት አሁን የምትንቀው ራሷን ብቻ ነበር። ልጆች፦ አምስት፤ በሕይወት ያሉ፦ ሁለት ይላል ገጹ። የሞቱት ሦስቱ ማን ማን ይባሉ እንደነበር ጠይቃቸው አታውቅም።