የሥጋ ፋብሪካው ሆራ

የኦቦ ጉታ ጉድጓድ መፍላት የጀመረው በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ሰኔ ውስጥ ነው። ውሃው ከሥሩ አረፋ እየሰደደ ይናጣል፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። በአምቦና በጉደር መካከል የኖረ ሰው በእንዲህ ያለ ውሃ አይደነግጥም። አባቶቹ ከብታቸውን ወደ ሆራ፣ ወደ ማዕድን ውሃው፣ ሲነዱ፣ ራሳቸውም ለሆድ ቁርጠት ሲጎነጩት አይቷል። ስለዚህ መንደርተኛው «ሆራ ወጣልን» ብሎ ተደሰተ እንጂ «ምን ገባበት?» ብሎ የጠየቀ የለም።

የጠየቀው የአውራጃው ጤና ጥበቃ የንጽሕና ተቆጣጣሪ እንግዳወርቅ ብቻ ነው። ከጉድጓዱ በላይ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ሽቅብ፣ ሥጋ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ አለ። ደሙንና እጣቢውን የሚደፋው ግድግዳው ባልተገነባ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንግዳወርቅ እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ጨመረ። በአምስተኛው ቀን የኦቦ ጉታ ውሃ እንደ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ ተቀዳ።

«ኦቦ ጉታ፣ ይሄ ሆራ አይደለም» አላቸው። «ላይ የታረደው ከብት ደም ነው፤ በመሬት ውስጥ ሰርጎ የመጣ።»

ኦቦ ጉታ ሳቁ። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ደም ቀይ ነው። ይሄ አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ውሃችንን ያበላሸኸው አንተ ነሃ!»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ከከተማ እንስራ አሸክመው የመጡ ወይዛዝርትም አብረው ሳቁ። የሐዋርያት ጾም ነበር፤ ሥጋ አይቀምሱም፤ የሥጋ እጣቢ ግን በጣሳ በጣሳ ይጨልጣሉ። የኦቦ ጉታ ምራት አሰፋሽ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን አቅፋ ዳር ቆማለች። ልጅቷን ተቅማጥ ይዟታል።

«ምን እየሰጠሻት ነው?» አላት እንግዳወርቅ።

«ሆራውን ነዋ። ሆድ ያጸዳል።»

«ከወንዙ ቅጂ፤ አፍልተሽ ስጫት። ይሄን ተይው።»

አሰፋሽ አማቷን አየች። ኦቦ ጉታ «አይሆንም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዳወርቅ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወደ አቶ ዘገየ ወጣ።

«ሕዝቡ ደስ ብሎታል፤ እርስዎን ምን ከፋዎት?» አሉት አቶ ዘገየ።

«የሚጠጡት የእርስዎን እጣቢ ነው።»

«መሬት ያጣራዋል፤ እግዜር የሠራው ማጣሪያ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ብርጭቆ ላስመጣልዎ።»

አቶ ዘገየ ጠረጴዛቸው ላይ ካለው የታሸገ ጠርሙስ ቀድተው ጠጡ።

እንግዳወርቅ ለአውራጃው አገረ ገዥ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። በሦስተኛው አገረ ገዥው የመዝጊያ ትእዛዝ ፈረሙ። የፈረሙት የሕዝቡ ሆድ አሳስቧቸው አይደለም፤ ሽታው በመኪና ለሚያልፉ የአዲስ አበባ እንግዶች ያሳፍራል ተብሎ ነው። የፋብሪካው ጉድጓድ በአፈር ተሞላ። የኦቦ ጉታም ጉድጓድ በባልዲ እስከ ጭቃው ተጨለፈ፤ ኖራና ክሎሪን ተደረገበት፤ ክዳኑ በሽቦ ታስሮ በእርሳስ ታተመ። በሦስተኛው ሳምንት አረፋው ጠፋ። እንግዳወርቅ ክዳኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዝምታውን ሲሰማ፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

የአሰፋሽ ልጅ ግን ክዳኑ በታተመ በስምንተኛው ቀን ሞታ ነበር። አንጀቷ አስቀድሞ አልቆ ነበር። መንደሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ተዘጋ፣ ልጅቷ ሞተች።

አቤቱታው ብዙም አልዘገየ። ስልሳ ሁለት የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ወረቀት «ሆራችን ይመለስልን» ይላል። ከላይ ያለው አሻራ የኦቦ ጉታ ነው። ፊደል የማይቆጥር መንደር አቤቱታውን በታይፕ አስመትቶ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ታይፕ ያለው ደግሞ ፋብሪካው ብቻ ነው። አገረ ገዥው ይህን አልጠየቁም። «ሕዝቡ ስለ ለመነ» ብለው ፈረሙ። ትእዛዙም እንዲህ ይላል፦ የፋብሪካው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይከፈት፤ ማኅተሙን ያተመው ራሱ ሄዶ ያንሳ።

የፋብሪካው ጉድጓድ ከተከፈተ ሳምንት አልፎት እንግዳወርቅ ማኅተሙን ሊያነሳ ሲደርስ፣ መንደሩ ጣሳውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከክዳኑ ሥር አረፋው ዳግም ይንተከተካል። ሽቦውን የሚቆርጥበትን ጉጠት ከኪሱ አወጣና ቆመ። አሰፋሽ ከፊት ነበረች። በወር ውስጥ ለቢሮ ሁሉ የጻፈውን፣ ለእሷ ግን ያልነገራትን ነገር ንዴቱ አስወጣው።

«ልጅሽን የገደላት ይህ ውሃ ነው።»

አሰፋሽ ትክ ብላ አየችው።

«ያጠጣኋት እኔ ነኝ» አለች። «በእጄ። ሌሊትም ቀንም። እኔ ገደልኳት ነው የምትለኝ?»

እንግዳወርቅ የተማረው ትምህርት ለዚህ የሚሆን ቃል አልሰጠውም።

አሰፋሽ ጉጠቱን ከእጁ ወሰደች። ሽቦውን ራሷ ቆረጠች፤ ክዳኑን ገፋች፤ በጣሳ ቀዳችና ዓይኗን ከእሱ ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ከዚያም ጣሳውን ደግማ ሞላችው።