ለአልቃሿ ማን ያልቅስ

«አጥፋው! አንተ ልጅ፣ አጥፋው እንጂ!»

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ባየ ከሐዘኑ ድንኳን ወጥተው ጃንጥላቸውን ወደ ባጃጁ ወዘወዙ። ሹፌሩ ዘፈኑን እንደ ከፈተ በጭቃው ሲመጣ ድንኳኑን ያየው አፍንጫው ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። ክው አለ። ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም አጠፋና ወረደ፤ «ይቅርታ፣ አላየሁም፣ ነፍስ ይማር» እያለ ባጃጁን በእጁ ገፍቶ አለፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ። ሰው ሁሉ የሟቿን የወንድም ልጅ፣ ማቴዎስን፣ በዓይኑ ጥግ ሰረቅ አድርጎ አየው። ዘፈኑ የሱ ሥራ ነበር። ድምፁ ከጎኑ የተቀመጠው የቴፒው ድምፃዊ የአባፎጊ ይሁን እንጂ ቅንብሩ፣ ከሥር ዱብ ዱብ የሚለው ምት ሁሉ የማቴዎስ ነው። አባፎጊ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ማቴዎስ ግን ሐዘን ከተቀመጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳያስበው ፈገግ አለ። ከቤት ውስጥ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ የጎረቤታቸው የእትዬ አስያ ሳቅ አፈትልኮ ተሰማ፤ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ያ ዱብ ዱብ የሚለው ነገር ከምን እንደ ተሠራ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሦስተኛዋ ዛሬ ሠልስቷ ነው።

ሟቿ የዓለምዘርፍ ማጂ የተወለደች፣ ሚዛን ተፈሪ ያረጀች አልቃሽ ነበረች። አያቶቿ ከሰሜን ይዘውት የመጡትን ግጥም ከማጂ ሴቶች ዜማ ጋር አጋብታ ሙሾ ስታወርድ፣ ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሏታል። ከአማን እስከ ቴፒ ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፤ ቀጥሎ የዓለምዘርፍ። «ያለ እኔማ እንዴት ይሸኛል!» ትላለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየወጣች።

አሁን እሷ ራሷ ስትሞት ሙሾ አውራጅ ታጣ። እንባማ ጎርፏል። ግን የቀብሩ ዕለት አሮጊቷ ማሚት ሞክረው፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ከዳቸውና «የሷን ቦታ ረግጬ አልችልም» ብለው ተቀመጡ። ዛሬ ደግሞ የባሰው ቀን ነው። ዝናብ ቱም ከተማ ላይ መንገድ ቆርጦባቸው ለቀብር ያልደረሱት የማጂ ዘመዶቿ በአይሱዙ ተጭነው እየመጡ ነው ተብሏል።

«ከመኪና ሲወርዱ ሙሾ ካልተቀበላቸው ምን ይሉናል?» አለ አንዱ ንፍሮ እየዘገነ።

«ለስንቱ አልቅሳ ለሷ ሰው ታጣ ይላሉ እንጂ ምን ይላሉ።»

አቶ ባየ መጥተው ከማቴዎስ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማቴ፣ መቼም ያንተ ኮምፒውተር ውስጥ ድምጿ አይጠፋም።»

«የምን ድምፅ፣ ጋሼ?»

«ሙሾዋን ነዋ! ስፒከሩን ደጃፍ ላይ እናቁመው። ዘመዶቿ ሲደርሱ ትለቀዋለህ። በገዛ ድምጿ ከመሸኘት የበለጠ ምን ክብር አለ?»

ማቴዎስ ዓይኑን ወደ ጓሮዋ ክፍል ላከ።

ወላጆቹን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደገችው እሷ ናት። እታለም ይላታል። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለቀቀችለትና ግድግዳውን በቡና ጆንያ ለበደው፤ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ኪቦርድና ስፒከር አስገብቶ በሩ ላይ «ስቱዲዮ» ብሎ ጻፈ። መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሲጠፋ ይተኛል። የሚሠራው መጥፎ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣውን አዲስ ነገር ሁሉ እየሰማ፣ ከበሮውን ከዚህ፣ ቤዙን ከዚያ፣ የፈረንጅ ጭፈራ ቤቱን ጩኸት ከኢንተርኔት እያወረደ ይገጣጥማል። አንድ ዘፈን ውስጥ የማይጨምረው ነገር አልነበረም።

አባፎጊ ከቴፒ ዘፈን ሊያሠራ የመጣ ዕለት ነው ነገሩ የተናደው። ቅንብሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠና ኢርፎኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ቆንጆ ነው። ግን ወንድሜ፣ ይኼንን አዲስ አበባም አገኘዋለሁ። ሚዛን ምን ልሠራ መጣሁ?»

የዚያን ቀን ማቴዎስ ምሳ አልበላም። እታለም በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ማን ሞተ?»

«እኔ።»

«ውይ፣ ታዲያ ሰው አይነግረኝም!» ብላ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በል ያን ነገር ጆሮዬ ላይ አድርገውና አሰማኝ።»

ኢርፎኑን በሻሿ ላይ አጠለቀላት። መጀመሪያ ከኋላዋ ሰው የቆመ መስሏት ዞር ብላ ፈለገች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጨረሰችው።

«እንዴት ነው?»

«ይኸ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ይኸ የሚመታው። ሁሉም ባንድ አፍ ያወራል፤ ማን ይስማው? ልቅሶ ቤት እንዲህ ባደርግ ሰዉ ካርታውን ይጫወታል እንጂ ያለቅስልኛል?»

«እታለም፣ ይኼ እኮ የጭፈራ ነው።»

«የሚጨፍረውስ ሰው አይደለም? ነገ አማን ልቅሶ አለብኝ። ጃንጥላዬን ይዘህ ተከተለኝ።»

ጃንጥላዋን ይዞ ሄደ። ሙሾዋን ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ያን ቀን ግን እንደ አቀናባሪ ሆኖ አዳመጠው። ደርሳ ወዲያው አልጀመረችም። ቆማ ሰዉን አየች፤ ደጃፍ ላይ የወደቀችውን ልጅ፣ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር፣ እንባ እምቢ ያለውን ባል። ከዚያ ጆሮውን ላላዘነበለ ሰው በማይሰማ ድምፅ አንድ ስንኝ አወረደችና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ማቴዎስ «በቃ ጠፋባት» ብሎ ልቡ ሲሸበር፣ ሴቶቹ መቆየት አቃታቸውና ባንድ ላይ ተቀበሏት። ያ ባል ግንባሩን ይዞ ጮኸ።

«ለምንድን ነው ዝም ያልሽው?» አላት ሲመለሱ።

«ስንኙ የኔ ነው፤ ሐዘኑ የነሱ። ቦታ ልተውላቸው እንጂ! አንተም መጀመሪያ ሰዉን እየው፣ ማቴዬ። የማን ቤት ነው? ምን አጥተዋል? አፍህን ከዚያ በኋላ ትከፍተዋለህ።»

ቤት ገብቶ ከዘፈኑ ላይ ማጥፋት ጀመረ። የአዲስ አበባውን ከበሮ አጠፋ፤ የፈረንጁን ጩኸት አጠፋ። የአባፎጊ ድምፅና ባዶ ሜዳ ቀረ። ምት ጎደለው። እታለም ደረቷን እየመታች እንድትቀዳለት ቢለምናት ተቆጣች።

«ሬሳ በሌለበት ደረት አይመታም፣ ሬሳ ይጠራል! ሙሾዬንም በማሽንህ እንዳትነካብኝ። ሙሾ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው።»

ከዚያ ፊቱን አየችና አንጀቷ ራራ። መኝታ ቤቷ ገብታ የጥጥ ትራሷን አምጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ትራስ ግን ሬሳ አይጠራም» አለች።

እትዬ አስያ ከሱቋ ተጠርታ መጣች። እሷ ታጨበጭባለች፣ እታለም ትራሱን በጡጫ ትደልቃለች። ማይክራፎኑ ፊት ስንት ጊዜ በሳቅ አበላሹት! አቧራው ያስነጥሳቸዋል፤ ያስነጠሰችው ሌላዋን ትወቅሳለች። ሲወጡ ማቴዎስ የትራሱን ድምፅ ለብቻው አወጣ፣ አወፈረው፣ ከሥሩ ረጅም ቤዝ አነጠፈለት። አባፎጊ አንድ ስንኝ በጨረሰ ቁጥር ሁሉንም ጸጥ አደረገው፤ ሰሚው መቆየት ሊያቅተው ሲል ጭብጨባውን ለቀቀው። መልሶ ሰማው። የማንንም አይመስልም ነበር።

ዘፈኑ ብዙም ሳይቆይ ከጅማ አውቶቡሶች እስከ ማጂ አይሱዙዎች ተዳረሰ፤ ድምፃውያን ማቴዎስን ፍለጋ ከሩቅ ይመጡ ጀመር። እታለም ገበያ መሐል ባጃጅ ከፍቶት ሲያልፍ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን «ስሙ፣ ስሙ፣ ትራሴ ነው!» ትላለች። ሰዉ ጃጀች ብሎ ይስቅባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

«የለኝም፣ ጋሽ ባየ» አለ ማቴዎስ በመጨረሻ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ። «ሙሾዋን አልሰጠችኝም። ሳቋ አለ። ሙሾው ግን ቢኖረኝም አልለቀውም ነበር። ለሌላ ሰው የተወረደ ነው።»

አቶ ባየ አንገታቸውን ነቅንቀው ተነሡ። ከኋላ አንዱ «የሰው ሁሉ ድምፅ ሲቀዳ ኖሮ የሷን ሳያስቀር ቀረ!» ሲል ማቴዎስ ሰማ። ዞር አላለም።

ዝናቡ ባባራ ሰዓት የአይሱዙው ጥሩምባ ተሰማ። የማጂ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው «የዓለሜ! የዓለሜ!» እያሉ ወርደው ግቢው መሐል ደረሱና ቆሙ። የቤቱ ሴቶች ወጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ሁሉም የሚጀምረውን ጠበቀ። ማሚት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ዝምታው የእፍረት ነበር።

ማቴዎስ መቼ እንደ ተነሣ አላወቀም። ከድንኳኑ ወጥቶ በሁለቱ ወገን መካከል ቆመና ሰዉን አየ። እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች አንዲት አሮጊት የማር ቅል ታቅፋለች፤ የዓለምዘርፍን መሞት እያወቀች ለእሷ ያመጣችው ነው፤ አሁን ለማን እንደምትሰጠው ጠፍቷታል። እትዬ አስያ ደጃፉን ተደግፋለች። አባፎጊ ባርኔጣውን አውልቋል። የማን ቤት ነው? ምን አጥተዋል? በዝቅተኛ ድምፅ፣

«የሰው ሐዘን ሰምታ ቀድማ የምትገባ፣
ዛሬ በራሷ ቤት ማን ቀድሞላት ያንባ»

አለና ዝም አለ።

«ወንድ ልጅ ደግሞ ሙሾ…» ብሎ ጀመረ ከድንኳኑ አንዱ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት አቶ ባየ።

አሮጊቷ ቅሉን መሬት አስቀመጠችና ደረቷን መታች። ሴቶቹ ከሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ ተቀበሉት፤ ግቢው ተናወጠ። ማቴዎስ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀና ወደ እትዬ አስያ ዞረ።

«ደረቷን ለሬሳ፣ ትራሷን ለዘፈን፣
አካፍላ የሰጠች እንዴትስ ትከፈን።»

እትዬ አስያ «እውነት ነው! እውነት ነው! እጄ ነው ያጨበጨበው!» ብላ ጮኸች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች የለየ ሰው የለም። ማጂዎቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ ገበያ ላይ የሳቁባት ሁሉ ግን ያን ጊዜ ገባቸው። ከድንኳኑ አንድ ጎልማሳ «ለካ እውነቷን ኖሯል» ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ወንዶቹ ካርታቸውን ትተው ወጡ። ማሚትም ድምፃቸው ተመለሰላቸውና ሦስተኛውን ስንኝ ራሳቸው አወረዱት።

ልቅሶው ሲበርድ እንደ ወጉ የፊት ውሃ ቀረበ። ጆጉን ይዛ የመጣችው እትዬ አስያ ነበረች። ማቴዎስ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ውሃውን ቀዳችለት። ውሃው መዳፉን ሞልቶ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ፤ እጁን ወደ ፊቱ ማንሣት ግን አልቻለም። ደገመችለት። አሁንም ፈሰሰ።

ጆጉን አስቀመጠች። የገዛ መዳፏን አርሳ፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ ቀስ አድርጋ ፊቱን አጠበችው። ማቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰጥቷት ቆመ።