የእሷ ምልክት ነው አልኩት

ባለቤቴ ኑርሁሴን ግንበኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚሠራ የመንግሥት እህል መጋዘን የግንበኞች አለቃ ሆኖ ተቀጠረ። ሳምንቱን እዚያው ያሳልፍና ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ፣ ከፒያሳ በላይ ወዳለው ቤታችን ይመጣል። ሲመጣ የሕንፃውን ፕላን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ነው። ፕላኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ደግሞ አማርኛውንም ማንበብ የጀመረው በመሠረተ ትምህርት ነው። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እሑድ ጠዋት መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ቃሉን እፈልግለታለሁ። የቃሉ ትርጉም ለእኔ ሳይገባኝ ሲቀር እሱ በእጁ አየር ላይ እየገነባ ያስረዳኛል። "ከበሩ በላይ የሚጋደም ነገር" ስለው፣ "ጉበን በይዋ!" ይላል። ለሁለት አንድ ቤት የምንሠራ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ያመጣው ፕላን ግን ተጽፎበት ነበር። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ጎን አማርኛው በቀጭን እርሳስ ሰፍሯል።

"ማን ነው የጻፈው?" አልኩት።

"ጓድ ፀሐይነሽ። ፕላን የምትነድፍ ናት፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ መጣች።"

"ወጣት ናት?"

"እንጃ፣ ልብ አላልኩም።"

"ሳምንቱን ሙሉ አጠገብህ ቆማ ልብ አላልክም?"

"ወላሂ መዲና፣ እኔ የማየው ቱንቢዬን ነው" አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ጽሕፈቷ ያምራል። የእኔ ፊደል ሲቸኩል ይንጋደዳል፤ የእሷ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት "ጓድ" የሚለው ቀረና ፀሐይነሽ ብቻ ሆነች። ፀሐይነሽ እንዲህ አለች፣ ፀሐይነሽ እንዲህ አስረዳችኝ። ተፈትቼ፣ ልጃችንን መርየምን አዝዬ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሐርቡ እናቴ ቤት ስገባ ከወዲሁ ታየኝ። ጎረቤት ምን እንደሚል ሳይቀር ሰማሁት።

በሦስተኛው እሑድ ፕላኑ ላይ አማርኛ ያልተጻፈለት አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ ዲ.ፒ.ሲ. የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች። ከግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በተሰመረ ወፍራም መስመር ላይ ተደጋግመው ተጽፈዋል። መዝገበ ቃላቴ ውስጥ የሉም።

"ይችን ረስታታለች። ነገ እጠይቃታለሁ" አለ ኑርሁሴን። ነገን የናፈቀ መሰለኝ።

"ምን ትጠይቃታለህ?" አልኩት። "የእሷ ምልክት ነው። ፕላን የሚነድፍ ሰው የስሙን ፊደሎች ያስቀምጣል።"

"ዙሪያውን ሁሉ?"

"ኩራት ነዋ! የአዲስ አበባ ሰው አይደለች?"

አመነኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፤ እኔ የነገርኩትን ተጠራጥሮ አያውቅም። ሰኞ ማለዳ ፕላኑን ጠቅልሎ ወረደ።

ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ መዝገበ ቃላቱን እንደገና አገላበጥኩ። ማክሰኞ አልቻልኩም፤ ድሮ ያስተማሩኝ መምህር መኳንንት ዘንድ ሄጄ ፊደሎቹን በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። አንድ የግንባታ መጽሐፍ ገልጠው አነበቡና፣ "እርጥበት መከላከያ ነው ልጄ" አሉኝ። "በመሠረቱና በግድግዳው መሀል ሬንጅ ወይም ላስቲክ ይነጠፋል። አለዚያ የመሬቱ ውሃ በግድግዳው ሽቅብ ይሳባል። ምን ልትሠሪ ነው?"

"ምንም" አልኳቸው።

እህል መጋዘን ነው። ጆንያው ሲሻግት፣ ኑርሁሴን በአሻጥረኛነት ተከሶ እጁ ሲታሰር፣ እኔ ምሳ ቋጥሬ እስር ቤት በር ላይ ስቆም አየሁ። ኑርሁሴን እንደነገረኝ የሥራው መሐንዲስ ለቁጥጥር የሚመጣው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጠዋት መርየምን አዝዬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ብሩ የሚባለው ግንበኛ ገና ከሩቅ አየኝና ጮኸ፦ "ኑርሁሴን! ውረድ፣ ተቆጣጣሪ ከቤት መጥቶብሃል!" ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ኑርሁሴን መወጣጫው ላይ ነበር። ከሥሩ ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች ልጅ ፕላን ዘርግታ ቆማለች። ከፈራሁት በላይ ታምራለች። ግድግዳው አራት ረድፍ ብሎኬት ወጥቷል፤ ከሥሩ ሬንጅም ላስቲክም የለም።

"መርየም አመማት?" አለ እየዘለለ ወርዶ።

"ደህና ናት። ያ ፊደል ... የእሷ ምልክት አይደለም። ዋሸሁህ።" መምህሩ ያሉኝን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

ግድግዳውን ዞሮ አየ። የታችኛውን ረድፍ በእጁ ዳበሰ።

"አላውቀውም ብትይኝ ምን ነበር?" አለ በመጨረሻ።

"እሷን ልትጠይቃት ነበራ!"

ፀሐይነሽ ሰምታ ተጠጋች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ እኮ ሰኞ ጠይቄዋለሁ" አለች። "ዲ.ፒ.ሲ. ገባህ ወይ ስለው፣ 'ባለቤቴ ነግራኛለች' አለኝ። ለምንም ነገር መልሱ ይኸው ነው፤ ባለቤቴ አስራ ሁለት የጨረሰች ናት፣ ባለቤቴ እንዲህ ብላለች። እኔም ታውቂዋለሽ ብዬ ተውኩት። ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ ትናንት ሙሉ ቀን ቢሮ ዋልኩ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሷ ፊት እንዲያ ሲያሞግሰኝ እንደከረመ ስሰማ ግን የባሰ አፈርኩ።

"ወሬውን ተዉትና ይፍረስ" አለ ኑርሁሴን። ብሩ ቀልዱን ትቶ መዶሻ አነሳ። ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም ነበር። እኔም መርየምን አሸዋው አጠገብ አስቀምጬ ብሎኬት አመላለስኩ። ከቀትር በኋላ አራቱም ረድፎች ወርደው አለቁ።

ፀሐይነሽ ለመሐንዲሱ የሚሰጠውን ሪፖርት ጽፋ አመጣች። "ቃሉን በአማርኛ ባለመጻፌ ስህተት ተፈጥሯል፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው" ይላል። ከሥሩ ፈርማለች።

"እኔን ምን ያደርጉኛል፤ ይቆጡኛል እንጂ" አለችን። "ጓድ ኑርሁሴን ግን ግንቡ የእሱ ነው፤ አሻጥረኛ የሚል ስም ይወጣለታል።"

ኑርሁሴን እንደ ዳነ ሰው ተነፈሰና አያት። ያን አስተያየት አልወደድኩትም። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ "ፀሐይነሽ አዳነችኝ" ሲል ልኖር ነው?

"የእኔን ስም ጻፊው" አልኳት።

"ተይ እንጂ እትዬ መዲና፣ አንቺ እኮ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ አይደለሽም።"

"የተሳሳተ ትርጉም የሰጠችው ባለቤቱ መዲና ናት ብለሽ ጻፊ። አለዚያ ነገ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ሁለቱም እውነተኛ ሴት ናት ብለው አዩኝ። እውነተኛነት አልነበረም፤ ውለታዋን መሸከም አቅቶኝ ነው። ወረቀቱን ቀድዳ እንደ አዲስ ጻፈች፤ እኔም ፈረምኩበት።

ቅዳሜ ኑርሁሴን ባዶ እጁን መጣ።

"ፕላኑስ?"

"መሐንዲሱ ከለከለ። ከእንግዲህ ከቢሮ አይወጣም፤ ያልገባው እዚያው ጓድ ፀሐይነሽን ይጠይቅ አለ። ሌላ ነገር አልመጣም፣ አልሐምዱሊላህ። ሬንጁ ተነጥፏል፤ ግድግዳው እንደገና መስኮት ጋ እየደረሰ ነው።"

እሑድ ጠዋት መዝገበ ቃላቱን አላወጣሁም። ኑርሁሴን የሚያደርገው አጥቶ የመርየምን ጫማ ሲጠግን ዋለ።

"የመስኮቱን ማን አስረዳህ?" አልኩት።

"ፀሐይነሽ።"

"ጥሩ አድርጋ ታስረዳለች?"

ትንሽ አሰበ። "ጥሩ አድርጋ" አለ።

ለአንዴ እንኳ ቢዋሸኝ ምን ነበር!