ሽፈራው ያልቀመሱት ዶሮዎች

አሞጽ ለማስተርሱ የመረጠው ጥናት «የሽፈራው ቅጠል የዶሮን በሽታ የመከላከል አቅም ያጠነክራል ወይ?» የሚል ነበር። ሽፈራው የዕለት ምግብ በሆነበት አርባ ምንጭ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ማለት ጫሞ ዳር ቆሞ ዓሣ ይዋኛል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ግን ሳይንስ ነዋ፣ ማስረጃ ይፈልጋል! እናቱ ልክነሽ ደግሞ ካምባ ቆላ ላይ ለምርቃቱ በግ አስራ መንገድ መንገድ ታያለች።

ዶሮዎቹን ለሁለት ከፈላቸው። ለአንደኞቹ የደረቀ ሽፈራው ከመኖ ጋር ቀላቀለላቸው፣ ለሌሎቹ መኖ ብቻ ሰጠ፣ ሁሉንም የፈንግል በሽታ ክትባት አስከተበ። አንጀቱን የበሉት መኖ ብቻ የደረሳቸው ናቸው። «መድኃኒቱስ ይቅርባቸው፣ ጥላ ግን አልነፍጋቸውም» ብሎ የሽቦ ቤታቸውን ከሲቀላ ሰፈር ፀሐይ አሽሽቶ በአከራዩ ግቢ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር አስቀመጠው።

የደም ምርመራው ሲመጣ ልዩነት የሚባል ነገር ጠፋ። እንዲያውም መኖ ብቻ የበሉት ምስኪኖች ሳይበልጡ አልቀሩም። አማካሪው ዶክተር ወርቅአፈራሁ ግን ደስ አላቸው።

«ጎሽ! ሽፈራው አይጠቅምም ማለት ነው። ይህም ግኝት ነው፤ ጻፈውና ተመረቅ» አሉት።

አሞጽ እየፈነጠዘ ተመለሰ። ዶሮዎቹን ሊያይ ቁጢጥ እንዳለ ከአባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ ተነሣ። ከዛፉ ላይ ደቃቃ ቅጠል በሽቦው ቀዳዳ ዝርግፍ ሲል ምስኪኖቹ እንደለመዱት እየተጋፉ ለቀሙት። ቀና አለ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሽፈራው ነው! ጥላ ሲፈልግ ጥላነቱን ብቻ አይቶ፣ ቅጠሉን ረስቶት ኖሯል።

ማን አየ? ዝም ቢል ይመረቃል። ይህንኑ እያሰላሰለ ሳለ አከራዩ ምሳ አቀረቡለት፤ የሽፈራው ወጥ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው ወጥ ነው። አፍሮ አንገቱን ደፋ።

በማግሥቱ ለዶክተሩ ሁሉንም ተናገረ። ዶክተሩም ግንባራቸውን ያዙ።

«በል እንግዲህ፣ ሽፈራው የማያገኙ ዶሮዎች ፈልግና እንደገና ጀምር። ምርቃቱ ለከርሞ ነው» አሉት።

ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ በጉ ይክረም።»

«ምነው ልጄ? ወደቅክ እንዴ?»

«አልወደቅኩም። ሽፈራው ለእንስሳ ይጠቅም እንደሆነ እንደገና ላጠና ነው።»

ከልክነሽ ጀርባ በጉ የሽፈራው ቅጠል ሲያመነዥክ ይሰማል።

«ውይ ልጄን!» አለች ከልቧ አዝና። «ይሄንንማ በጉም ያውቀዋል።»